የጥር 11 ቀን 2030 ማለዳ

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ታቦታቱ ከቤተ መቅደስ ወጥተው ባደሩበት የጥምቀት ማለዳ፣ በአዲስ አበባ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥር የዩኒክስ ዘር ሲስተም ሁሉ ቁጥሩ ይሞላበታል። በቀጣዩ ሰከንድ ቆጠራው ወደ ነጌቲቭ ይገለበጥና ማሽኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይገኛል።

ዩኒክስ ጊዜን የሚያውቀው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ብዛት ነው። ከ32ቱ ቢት አንዱ ለምልክት ሲውል የቀሩት እስከ 2,147,483,647 ይደርሳሉ፤ 68 ዓመት ማለት ነው። የመጀመሪያው ዩኒክስማ የሰከንድን አንድ ስልሳኛ ይቆጥር ስለነበር ሦስት ዓመት እንኳ አይዘልቅም ነበር።

የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መስፈርት 32 ቢት ብሎ አላዘዘም። ታይም_ቲ የተባለውን የጊዜ ዓይነት ስፋቱንም መነሻ ቀኑንም ለየሲስተሙ ተወው። ይህ ነጻነት ትክክል ነበር እላለሁ፤ ችግሩን ያከበድነው ፕሮግራመሮች ነን። ስፋቱን ሳንጠይቅ ጊዜን ኢንት በተባለው የኢንቲጀር ዓይነት ውስጥ ከተትነው፣ ባይቶቹንም እንዳሉ ፋይል ላይ ጻፍናቸው።

ወደ 64 ቢት መሻገሩ ታዲያ ለምን ከበደ? ላይብረሪው በድሮው ስፋት፣ ፕሮግራሙ በአዲሱ ከተገነባ፣ አንዱ 4 ባይት ባዘጋጀበት ቦታ ሌላው 8 ይጽፋል። አጠገቡ ያለው መረጃ ይበላሻል፤ ማስጠንቀቂያም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት እንደገና መገንባት አለበት። የዩኒክስ ዘር የሆነው ኦፕንቢኤስዲ በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደፍሮ አደረገ። ሊኑክስ ግን የቆዩ ፕሮግራሞችን ላለማሰናከል አዳዲስ የሲስተም ጥሪዎችን ከድሮዎቹ ጎን አቆመ፤ ከርነሉ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.6፣ የሲ ላይብረሪው ጂሊብሲ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.34 ተዘጋጁ። ያም ሆኖ በቆዩት 32 ቢት ማሽኖች ላይ ጂሊብሲ 64 ቢት የሚሰጠው ገንቢው ለይቶ ሲጠይቀው ነው።

የሚያሳስበኝ በፋይልና በዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠው ጊዜ ነው፤ እሱን ዳግም ግንባታ አይነካውም። አዲስ ኮድ የሚጽፍ ሰው ጊዜን ፋይል ላይ ሲያኖር ስፋቱ በግልጽ 64 ቢት በተባለ ኢንቲጀር ያኑር፤ የሁለት ጊዜ ልዩነት ሲፈልግም ዲፍታይም በተባለው የሲ ፈንክሽን ያስላ። ቀኑ ገና ሩቅ ነው ማለት አያዋጣም፦ በ32 ቢት የሚቆጥር የባንክ ፕሮግራም ዛሬ የ20 ዓመት ብድር ማብቂያ ቀን ቢያሰላ፣ ዛሬውኑ ይሳሳታል።