መጀመሪያ የሚከዳው ዝላይ ነው

ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ጀርባ ባለችው የሲሚንቶ ሜዳ፣ በ44 ዓመቴ ከጎረምሶች ጋር ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። ስዘል «ጋሼ፣ ቀስ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚከዳው ዝላይ ነው።

ጡንቻ ውስጥ ፈጣንና ዘገምተኛ ክሮች አሉ። ቀድመው የሚሳሱት ለመስፈንጠር የምንፈልጋቸው ፈጣኖቹ ናቸው። ለረጅም ርቀት የሚሆኑት ይቆያሉ። ማሞ ወልዴ ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ሲያገኝ 40 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ሲወጣ 41 ዓመቱ። በመቶ ሜትር ኦሊምፒክ ካሸነፉት ወንዶች በዕድሜ ትልቁ ሊንፎርድ ክሪስቲ ግን ሲያሸንፍ ገና 32 ነበር።

ቅርጫት ኳስ እንግዲህ የሚጫወቱት በከዳተኛው ጡንቻ ነው። ታዲያ ሌብሮን ጄምስ 40 ሞልቶት እንዴት ኤንቢኤ ውስጥ ቆየ? ገንዘብ፣ ሐኪምና እንቅልፍ ያግዛሉ። ለእኔ ግን ዋናው አጨዋወትን መቀየር ነው። ቪንስ ካርተርን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 የዳንክ ውድድርን ያሸነፈ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ነበር። በስተርጅና ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ ሦስት ነጥብ ይወረውር ጀመር፤ እስከ 43 ዓመቱ ድረስም ተጫወተ። ካሪም አብዱልጀባር ደግሞ ኳሷን በተዘረጋ እጁ ከራሱ በላይ ስለሚለቃት ብዙ መዝለል አላስፈለገውም። በ38 ዓመቱ የፍጻሜው ኮከብ ተብሏል።

የእኔ ቢጤውን የሚጥለው ጅማት ነው። ደም እንደ ጡንቻ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ሲጎዳም ቶሎ አይድንም። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ እሁድ መዝለል እሱን መፈታተን ነው። እኔ ጅማቴን ለማጠንከር ደረጃው ጠርዝ ላይ በእግሬ ጣቶች እቆማለሁ፤ በሁለት እግር ተነስቼ በአንዱ ቀስ ብዬ ተረከዜን አወርዳለሁ። ጎረቤቴ «ምነው፣ ቁልፍ ጠፋብህ?» ትለኛለች። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣማ ጂም አያምረኝም።

ጎረምሶቹ በማግስቱም ይጫወታሉ፤ እኔ አርፋለሁ። ኤንቢኤ ውስጥም አሰልጣኞች አንጋፋ ኮከቦችን ሲያሳርፉ ተመልካች ያጉረመርማል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. ከ2023-24 የውድድር ዘመን ወዲህ ከ82ቱ ጨዋታ ቢያንስ 65ቱን ያልተጫወተ ለዋና ዋናዎቹ ሽልማቶች አይታጭም። ቲኬት የገዛው ሰው ቅሬታ ይገባኛል፤ ጉልበቴ ግን ከአሰልጣኞቹ ጋር ነው።