በካምቢዮ ዘይት 5 ከ4 አይበልጥም

ነርስ ሳለሁ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሦስቴ ሳላነብ መርፌ ወግቼ አላውቅም። ለመኪናችን ግን እንዲህ አልተጠነቀቅሁም።

ባለፈው ዓመት ልጄ የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ሲመልስ፣ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለው፤ ከኋላው የጭነት መኪና ነበር። እግዚአብሔር አተረፋቸው። ካምቢዮው ሲፈታ ማርሾቹን የሚያስማሙት የናስ ቀለበቶች ተበልተው ተገኙ። ለካስ ቀደም ሲል «5 ይሻላል» ተብለን ጂኤል-5 ዘይት አስሞልተናል!

ጂኤል-5 በዋናነት ለዲፈረንሻል የተሠራ ነው፤ የበዛው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሙ ናስን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ የቆዩ ካምቢዮዎች የሚፈልጉት ጂኤል-4 ነው። 75ደብሊው-90 የሚለው ጽሑፍ የሚነግራችሁ ውፍረቱን ብቻ ነው። የሞተር ዘይት የሚጠይቅ ካምቢዮም ስላለ የመኪናውን መመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጣሳው ሳይከፈት አስተያዩ። እኔ መነጽሬን ስረሳ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።