«የግፊት መዘግየት» እና «የግፊት መነሻ ዙር»፦ ከኋላ ስለሚተከል ቱርቦ የቃላት አሰያየም

የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ከኋላ የተተከለ ቱርቦ መዘግየቱ እስከ 3000 ዙር ድረስ ነው።» ሰዋስዋዊ እንከን አይገኝበትም፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው። መዘግየት የሚለካው በሴኮንድ እንጂ በዙር አይደለም። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚመጣው፣ እንግሊዝኛው «ላግ» እና «ትሬሽሆልድ» ብሎ የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች ተርጓሚው በአንድ የአማርኛ ቃል ሲጠቀልላቸው ነው።

እንደሚታወቀው ቱርቦ ከሞተር በሚወጣ የጋለ ጋዝ ተርባይን አሽከርክሮ፣ በዚያው ዘንግ ላይ ባለ መጭመቂያ አየርን አምቆ ወደ ሞተር የሚሰድ መሣሪያ ነው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለገበያ በቀረቡ የቤት መኪናዎች ላይ የታየው በ1962 እ.ኤ.አ. በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሼቭሮሌ ኮርቬር ነው። ዘወትር የሚተከለው ከሞተሩ አጠገብ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ግን በአሜሪካ፣ የሞተር ክፍላቸው ለጠበበባቸው እንደ ካማሮ ላሉ መኪናዎች፣ ከኋላ በማርሚታው ቦታ የሚተከል ዓይነት ይሸጥ ጀመር።

እኛ «የግፊት መዘግየት» የምንለው፣ ሞተሩ በበቂ ፍጥነት እየዞረ ሳለ ነጂው የነዳጅ ፔዳሉን ከረገጠበት ቅጽበት አንሥቶ ግፊቱ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ነው። «የግፊት መነሻ ዙር» የምንለው ደግሞ፣ ሞተሩ ከዚያ በታች እየዞረ እስከ ፈለገው ጊዜ ቢጠበቅ ቱርቦው ተገቢውን ግፊት የማይሰጥበትን የዙር ልክ ነው። ለሁለተኛው «ደፍ» ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ አጭርና ያማረ ነው። ሆኖም በምን እንደሚለካ አይናገርምና «ዙር» የሚለው በስያሜው ውስጥ እንዲገባ መርጠናል።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። ከኋላ የተተከለ ቱርቦ ቧንቧው ስለሚረዝም እጅግ ይዘገያል ይባላል። እስቲ እናስላው። ውስጠኛ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ቧንቧ 11 ሊትር ያህል ይይዛል። በውስጡ ያለውን ግፊት በግማሽ አትሞስፌር ለማሳደግ 5.5 ሊትር ያህል ተጨማሪ አየር ይበቃል። ባለ 5.7 ሊትር ሞተር በ3000 ዙር፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በሴኮንድ እስከ 140 ሊትር ገደማ ይውጣል። መጭመቂያው ሞተሩ ከሚውጠው በላይ ማቅረብ ስላለበት ጊዜው ጥቂት ይራዘማል እንጂ፣ የቧንቧው ድርሻ እንደሚወራው ትልቅ አይደለም። ዋናው ጣጣ ሌላ ነው፤ ጋዙ ወደ ኋላ ሲጓዝ ይቀዘቅዛል፣ መጠኑም ይኰማተራል፤ ለተርባይኑ የሚደርሰው ጉልበት ያንሳል፤ የግፊት መነሻ ዙሩም ከፍ ይላል። መድኀኒቱ መተላለፊያው ጠበብ ያለ የተርባይን ቀፎ መምረጥና የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ሙቀት በሚይዝ ጨርቅ መጠቅለል ነው። ሁለቱን ቃላት ያቀላቀለ ተርጓሚ፣ ቀፎ መለወጥ የሚገባውን መካኒክ ቧንቧ ሊያስቈርጠው ነው።

ከዚህ ላይ «ጭስ» የሚለውን ቃልም መጠርጠር ይገባል። «ጭስ ማውጫ» ሥር የሰደደ ስያሜ ስለ ሆነ አይነካም። ተርባይኑን የሚያዞረው ግን በዐይን የሚታየው ጭስ አይደለም፤ «የጋለ ጋዝ» ካልተባለ የሙቀቱ ነገር ከአንባቢው ይሰወራል። እንግሊዝኛው «ፕላምቢንግ» የሚለውንም «የቧንቧ ሥራ» ብንለው የውሃ ነገር ይመስላል፤ «የቧንቧ ዝርጋታ» ይሻላል። ዝርጋታው ጥቅምም አለው፦ ታምቆ የጋለው አየር በመኪናው ሥር ሲመለስ ነፋስ ያበርደዋል።

የዘይቱ መመለሻ ግን ያስቸግራል። ቱርቦው ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚተከል ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ሞተር ሊወርድ አይችልም፤ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሳባል። የዚህን ፓምፕ የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል የተረጐመ ሰው «ቆሻሻ ለቃሚ» የሚል ነገር ላይ ይደርሳል። እኛ «ዘይት መላሽ ፓምፕ» ብለነዋል። ይህ ፓምፕ ሲቆም ዘይቱ በቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በተርባይኑ በኩል ሾልኮ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ከኋላ የሚታየው በእርግጥም ጭስ ነው።