«ማት» ያላችሁ፣ ፖሊሽ እንዳታስነኩ!

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ፣ አንድ ላቫጆ ውስጥ ነው። ወጣቱ ጥቁር ማት መኪናውን አቁሞ ማኪያቶ ሊጠጣ ተሻገረ። አጣቢው ልጅ ታታሪ ነው፤ ኮፈኑ ላይ የደረቀ የወፍ ኩስ አየና «ብራዘርን ደስ ላሰኘው» ብሎ፣ ፖሊሽ አምጥቶ ክንዱ እስኪዝል ወለወለው። ባለመኪናው ሲመለስ ኮፈኑ መሃል መዳፍ የምታህል ቦታ እንደ መስታወት ታበራለች። ሌላው እንዳለ ደብዛዛ!

«ትከፍላታለህ!»

«ከየት አምጥቼ?» ልጁ እንባው መጣ። ሰው ተሰበሰበ።

እናንተስ ለማን ትፈርዳላችሁ? ቆይ፣ አትቸኩሉ።

ተራው መኪና የሚያበራው ከቀለሙ በላይ የተቀባው ግልፅ ሽፋን ልሙጥ ስለሆነ ነው። ማት ላይ ግን ሽፋኑ ውስጥ ድምቀት የሚቀንስ ንጥረ ነገር ስለሚገባ፣ ገፁ በዓይን በማይታይ መጠን ይሻክራል። ብርሃን ሲያርፍበት በየአቅጣጫው ይበተናል፤ መኪናው ኮስተር ይላል። ቢኤምደብሊው «ፍሮዝን»፣ መርሴዲስ ደግሞ «ማግኖ» እያሉ ከፋብሪካ ያወጡታል።

ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ፖሊሽ ማለት ማለስለስ ነው። የተራው መኪና ቀላል ጭረት ሲወለወል ይጠፋል፤ ማት ሲወለወል ግን የሚጠፋው ማትነቱ ነው፤ ወደ ኋላም አይመለስም። አንዷን ቦታ ብቻ ቀብቶ ከሌላው ጋር ማመሳሰል ስለሚያስቸግር፣ ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ወይም ስፖርቴሎው እንዳለ ይቀባል። ኪስ ነው የሚጎዳው!

እንግዲህ ባለማቶች ስሙ። እጥበቱ ጥላ ሥር፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ ይሁን። መጀመሪያ አቧራውን በብዙ ውሃ አውርዱት፤ የበጋ አቧራ ላይ ደረቅ ጨርቅ ማሸት በብርጭቆ ወረቀት እንደ ማሸት ነው። ከዚያ ለማት የተዘጋጀ ሻምፖ፣ ለስላሳ ጨርቅና ሁለት ባልዲ፤ አንዱ ለሻምፖው፣ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ። ኦሞ፣ ናፍጣ፣ ሰም፣ የሚሽከረከር ብሩሽ? በጭራሽ!

የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ሳያድሩ ይነሱ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ እስኪርስ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንሱት። መፈተግ የለም። ማደያ ላይ ነዳጅ ከተንጠባጠበም ወዲያው ይታጠብ።

ማት አምሯችሁ እንዲህ ያለውን ጭንቀት የማትፈልጉ ደግሞ ስቲከር ማልበስ ትችላላችሁ። እሱም ፖሊሽ አይወድም፤ ግን ሲበላሽ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል፣ ሲሰለቻችሁም ይላጣል። ብቻ ፀሐይ እስኪያደርቀው አታቆዩት፣ ኋላ ሲላጥ ያስቸግራል። ሊብሬ ላይ የመኪናው ቀለም ስለሚጻፍ፣ ከመቀየራችሁ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ወደ ላቫጆው እንመለስ። ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንድ ሸምገል ያሉ የታክሲ ሹፌር «የኔ ልጅ፣ ቁልፉን ስትሰጠው ፖሊሽ እንደማይነካ ነግረኸዋል?» ብለው ጠየቁት።

ወጣቱ ዝም አለ። አልነገረውማ! ሌላ መኪና ላይ ቢሆን ኖሮ የልጁ ልፋት ጉርሻ የሚያሰጥ ነበር።

ኮፈኑን በራሱ ገንዘብ አስቀባ። ዛሬ ሻምፖውንና ጨርቁን መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል። የሚያጥብለትም ያው ልጅ ነው። ላቫጆው ውስጥ ማት መኪና ሲገባ ሌሎቹ አጣቢዎች «እሱን ጥሩት» ይላሉ አሉ።

ስለዚህ ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ቃል ጣል አድርጉ፦ «ፖሊሽ የለም!» ከኮፈን ማስቀቢያ ይረክሳል።