ልጅ ይዞ ስኪ መውጣት

ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው ከዴንቨርና ከኦሮራ ወደ ምዕራብ በአይ-70 አውራ ጎዳና 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ላቭላንድ የሚባለው የስኪ ቦታ ይገኛል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ዓይኑን ከተራራው ጫፍ ነቅሎ ግርጌው ላይ ያለውን የጎማ ምንጣፍ ቢያይ ይሻላል። «ማጂክ ካርፔት» ይሉታል። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እንደሚያመላልሰው ቀበቶ በሞተር እየተጎተተ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። ልጁ ስኪውን እንዳጠለቀ ይቆምበታል፣ ላይ ሲደርስ ይወርዳል፣ ተንሸራትቶ መጥቶ እንደገና ይሰለፋል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን የሚያሳልፈው እዚሁ ስለሆነ፣ የሙሉ ተራራ ቲኬት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ላቭላንድ ቫሊ የሚባለው ክፍል ደግሞ ለጀማሪዎች ለብቻው የተለየ ነው።

ስኪና ጫማውን ከዋዜማው ከተማ ውስጥ መከራየት የጠዋቱን ግርግር ይቀንሳል። አከራዩ የልጁን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ይጠይቃል። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ በዚያ ልክ ይስተካከላል፤ ልጁ ሲወድቅ እግሩ ሳይጠመዘዝ ስኪው እንዲላቀቅ። ስለዚህ ክብደቱን በግምት መናገር አያዋጣም። ለጀማሪ ልጅ ከደረቱ እስከ አገጩ የሚደርስ ስኪ ይበቃዋል። ሄልሜት የግድ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ዘንግ ግን ለጊዜው አያስፈልገውም።

አያቶች «ደርቡለት» ማለታቸው አይቀርም። ለካልሲ ግን አይሠራም፦ ሁለት ካልሲ እግሩን አጨናንቆ የደም ዝውውሩን ያግድና ያበርደዋል። አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ ይሻላል። ጥጥ ላብና በረዶ ጠጥቶ ስለሚያቀዘቅዝ ከሥር አይለበስም። ጓንቱም አውራ ጣት ብቻ የተለየበት ዓይነት ሲሆን ይሞቃል። አዲስ በረዶ አልትራቫዮሌት ጨረርን እስከ 80 በመቶ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ «ቆዳችን ጠይም ነው» ብሎ የፀሐይ ቅባትና መነጽር መተው አይገባም።

ከፍታውም ይታሰብ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ የላቭላንድ ግርጌ 3,290 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባም ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ልጁ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ውሃ ሰጥቶ ማሳረፍ፣ ካልተሻለው ይዞት መውረድ ነው።

ማስተማሩን ለባለሙያ መተው ይበጃል፤ ወላጅ በረዶ ላይ ልጁን ሲቆጣ ማየት ደስ አይልም። አስተማሪዎቹ ልጁን «ፒዛ ሥራ» ይሉታል፤ የስኪውን ጫፎች ከፊት አቀራርቦ ከኋላ መክፈት ማለት ነው፣ ፍሬኑም እሱ ነው። የግማሽ ቀን ትምህርት ይበቃል፤ ለገና ሰሞንና ለየካቲቱ የፕሬዚዳንቶች ቀን ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ዕድሜው አለፈ ብሎ መጨነቅም የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ስኪ የለመደው አሜሪካ ተማሪ ቤት ገብቶ ነው።

መንገዱ የራሱ ጣጣ አለው። ከመስከረም እስከ ግንቦት ለበረዶ የሚበቃ ጎማ ወይም ሰንሰለት የሌለው መኪና በአይ-70 የተራራ ክፍል ሊቀጣ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት መውጫው፣ እሑድ ከሰዓት መመለሻው ይጨናነቃል። ልጆቹም እስከ ምሳ ድረስ ስለሚደክማቸው፣ ሌላው ሰው ገና ሲንሸራተት ዕቃ ጭኖ ወደ ከተማ መመለስ ነው የሚያዋጣው።