የተመለሰ ዕጢና የታለመ ጨረር

የራስ ቅል ወለል የምንለው አንጎል ያረፈበትን አጥንት ነው። ወደ ዓይን፣ ወደ ፊትና ወደ ጉሮሮ የሚሄዱት ነርቮች፣ አንጎልን የሚመግቡት ደም ቅዳዎችም በዚሁ አጥንት ቀዳዳዎች ያልፋሉ። ሜኒንጂዮማ የተባለው የአንጎል ሽፋን ዕጢ ወይም የፒቱታሪ ዕጢ እዚያ ሲበቅል ቀዶ ሐኪሙ የዓይን ነርቭን ላለመንካት ብሎ ጥቂት አስቀርቶ ይወጣል። ይህ ጥንቃቄ ነው፤ የቀረው ግን ከዓመታት በኋላ ሊያድግ ይችላል። አዲስ አበባ ታክሞ ባሌ ሮቤ የገባ ሰው አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ፊቱ ከደነዘዘ ወይም የአንድ ዓይኑ ብርሃን ከቀነሰ ሳይውል ሳያድር ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዶ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በጠባሳ መሀል የሚሠራ በመሆኑ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የታለመ ጨረር ይመረጣል። ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ ያስጀመረው ጋማ ናይፍ በዛሬው ቅርጹ 192 የኮባልት ምንጮች አሉት። እያንዳንዱ ጨረር ለብቻው ደካማ ነው፤ ኃይል የሚያገኙት ሁሉም በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ዕጢው የዓይን ነርቭን ተጠግቶ ከሆነ ግን ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ መስጠት አይቻልም። ብዙ ጊዜ በቀን 1.8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እየተሰጠ በ30 የሕክምና ቀን 54 ግሬይ ይሞላል።

ጭንቅላት ሚሊ ሜትር እንኳ እንዳይንቀሳቀስ ጭንብል ይሠራል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ በሙቅ ውኃ ተነክሮ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ፊት ላይ ተዘርግቶ የአፍንጫና የአገጭ ቅርጽ ይይዛል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ታካሚው በየቀኑ ያንኑ ጭንብል ለብሶ ከአልጋው ጋር ይታሰራል። አያምም፤ ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ግን አስቀድሞ ይንገር።

ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የጀመረችው በፈረንጆቹ 1997 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ በኮባልት 60 መሣሪያ ነው። የኮባልት ጉልበት በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ እያደር አንዱ ታካሚ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ ወረፋውም እንዲሁ። ኋላ ላይ ጅማን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ሊናክ የተባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ገብቷል። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት የሚታከም ሰው ማደሪያ ያስፈልገዋል። ለብዙ የባሌ ቤተሰብ ከሕክምናው ዋጋ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ ሪፈር ሲጻፍ ጭምር ሊታሰብበት ይገባል።

ከመሣሪያው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። የአንጎል ግንድና የዓይን ነርቭ ቀድሞ የወሰዱትን ጨረር በዓመታት ብዛት ሙሉ በሙሉ አይረሱትም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የአሁኑን መጠን የሚወስነው የድሮውን አይቶ ነው። የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ፣ የፓቶሎጂ ውጤት፣ የኤምአርአይ ሲዲው ራሱ (ንባቡ ብቻ አይበቃም)፣ ቀደም ሲል ጨረር ተሰጥቶ ከሆነም መጠኑና የቀኑ ብዛት አብረው ይሂዱ። የጠፋ ካለ ከሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል ቅጂ ይጠየቅ።

ጨረሩ ካበቃ በኋላ ዕጢው እዚያው ሊታይ ይችላል። እንደ ሜኒንጂዮማ ላሉት፣ ለዓመታት ሳያድግ ከቆየ ሕክምናው ሠርቷል። ሆርሞን አመንጪው ፒቱታሪ አካባቢ የታከመ ሰው ግን ሆርሞኑ ቀስ በቀስ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ጤናማ ቢመስለውም በየዓመቱ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።