ኮሪያ ዘማቹ

(ድምፅ፦ የባቡር ፉጨት፣ የማርሽ ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም.። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር የክቡር ዘበኛ ወታደሮችን ጭኗል። ሻለቃው በራስ መኮንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተብሏል፤ የዘማቹ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ናቸው። ከጅቡቲ ወዲያ መርከብ ነው፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ባሕር አይቶ የማያውቀው ጥቂት አልነበረም።

ጃንሆይ ጦር የላኩበት ምክንያት ግልጽ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን የመንግሥታት ማኅበር ቆሞ ተመልክቷል፤ ኢትዮጵያ ግን ወረራ በደቡብ ኮሪያ ላይ ሲደርስ ዝም አትልም። ተራውን ወታደር ስለዚህ ጉዳይ ማን አማከረው? ታዘዘ፣ ዘመተ።

(ድምፅ፦ ነፋስ፣ የሩቅ መድፍ)

ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ተራራው አልገደደውም፤ በረዶው ግን ሌላ ጉድ ነበር። አንዱ ሻለቃ ሲመለስ ሌላው እየተተካ በጦርነቱ ከ120 በላይ ወታደሮች ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ዘማቾቹ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ዶንግዱቾን ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናትን አሳደጉ።

ይህ ጀግንነት ብዙ ተብሎለታል። ከመልስ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አይነሣም።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከሰፈሩ የወጣው ተራ ወታደር አብዛኛው ለምን እንደወጣ እንኳ በቅጡ አልተነገረውም። ሙከራው ሲከሽፍ ግን ትናንት የሚያስከብረው «ክቡር ዘበኛ» የሚለው ስም የሚያስጠረጥር ሆነ።

(ድምፅ፦ የሰልፍ ጫጫታ፣ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰሜን ኮሪያም ወዳጃችን ሆነች። ስለዚህ ወታደሩ የተዋጋው ከአዲሱ ወዳጅ ጋር ነበር ማለት ነው! ወዳጅነቱ የቱን ያህል እንደነበር ለማወቅ የሴኡልን ኦሊምፒክ ማስታወስ ይበቃል። ኢትዮጵያ ከፒዮንግያንግ ጋር ወግና ቀረች። በላይነህ ዴንሳሞ ከኦሊምፒኩ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ሮተርዳም ላይ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ሳለ፣ የሴኡሉን ማራቶን ሌላ ሰው አሸነፈ። ለሯጩ እንኳ ያልራራ ፖለቲካ ለጡረተኛው አሥር አለቃ ይራራል ብሎ ማን ይጠብቃል?

የሚገርመው፣ እዚህ የዘማቹ ስም ሲሸሸግ እዚያ ሐውልቱ ቆሞ ነበር። ቹንቾን ከተማ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች መታሰቢያ የቆመው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይም በቦታው ተገኝተዋል። የአዲስ አበባው፣ አፍንጮ በር ያለው፣ ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ተሠራ።

ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዘጠና ዓመትን ተሻግረዋል። የልጅ ልጆቻቸው በኮሪያ የትምህርት ዕድል እየሄዱ ይማራሉ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ግን ይህን ሳያዩ፣ ስለ ኮሪያ ማውራት በማያስመሰግንበት በዚያ ዘመን አርፈዋል።